ጋሽ እድሪስ፣ በወንዙ ዳር

ሞታቸውን የሰማሁት ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ለሥራ ክፍለ ሀገር ሰንብቼ መመለሴ ነበር። ረዳቱ በሩ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ከሾፌሩ ጋር ወሬ ይዟል።

«የመለዋወጫው ሐጂ ትናንት ሞቱ አይደል እንዴ» አለ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

«የትኛው ሐጂ?»

«ከኢምፔሪያል ወረድ ብሎ ሱቅ ያላቸው ናቸዋ። ፍሬን ሸራ ልትገዛ ሄደህ ሻይ ካልጠጣህ ብለው የሚያስቀምጡህ።»

«ጋሽ እድሪስ? አትለኝም!» ሾፌሩ ሳያስበው ፍሬን ረገጠ። ከኋላችን የነበረው መኪና ጡሩንባውን አንባረቀው። «መጀመሪያ መኪና የያዝኩ ቀን አጥራቸውን ገጭቼ፣ ወጥተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹አብሽር ልጄ፣ አጥሩም ሊፈርስ ነበር።›»

ከፌርማታው በፊት ወረድኩ። ስደርስ ቀብሩ አልፏል፤ ሃይማኖታቸው እንደሚያዘው በሞቱበት ዕለት ተቀብረዋል። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን መካከል፣ ጫማውን አውልቆ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠው ሰው አባቴ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና «አልደረስክም» አለኝ። ወቀሳ አልነበረበትም። እኔ ግን በመቃብራቸው ላይ አንዲት እፍኝ አፈር እንኳ ሳልጨምር ቀረሁ። በአፈሩ ፋንታ ይህችን ጽሑፍ አኖራለሁ።

ጋሽ እድሪስ የወሎ ሰው ነበሩ። አባቴ በወጣትነቱ መምህር ሆኖ ደሴ ሲመደብ ቤት የተከራየው ከወላጆቻቸው ግቢ ነው፤ ወዳጅነታቸው ከዚያ ይጀምራል። ዘመን ሲለዋወጥ ሁለቱም ተራ በተራ ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ገርጂ ገና ጭቃና የጓሮ ጎመን በነበረችበት ጊዜ ጎን ለጎን ቤት ሠሩ። ግቢያችንና ግቢያቸውን የሚለየው ግንብ አንድ ነው። ግንበኛው «በየፊናችሁ ላጥራችሁ?» ቢላቸው ጋሽ እድሪስ «አንተ ሰው፣ ለሁለት ወዳጅ ስንት ግንብ ልትሠራ ነው?» አሉት ይባላል።

ረጅምና ከሲታ ናቸው። መነጽራቸው በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ዓይናቸው ላይ ሲውል ብዙም አላየሁም። ጥያቄ ሲጠየቁ ወዲያው አይመልሱም። አስቀድመው የሱቁን ባንኮኒ፣ አቧራ ኖረውም አልኖረውም፣ በመዳፋቸው ጠረግ ያደርጉታል፤ ከዚያ በኋላ ይናገራሉ። ጠበኛ ደንበኛ እንኳ ያን ጠረጋ እስኪጨርሱ ሲጠብቅ ቁጣው ይበርድለታል። በልጅነቴ ብልሃት ይመስለኝ ነበር፤ ካደግሁ በኋላ ግን ሰው በንግግሩ ፊት ሊያደርገው የሚገባ አንድ ዓይነት ውዱእ፣ ከሶላት በፊት እንደሚደረገው መታጠብ፣ ሆኖ ታየኝ።

አባቴን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ መምህር ስለ ሆነ «የኔታ» ነው የሚሉት። አባቴ ደግሞ መካን ሳያዩ «ሐጂ» ይላቸዋል። የሰፈሩ ሰው ከአባቴ አፍ ተቀብሎ አጸደቀላቸው።

«አንተ የኔታ፣ በሐሰት ሐጂነት ነገ አላህ ፊት ታስጠይቀኛለህ» ይሉታል።

«እኔ ሐጂ ያልኩህ እንድትሄድ ነው። ያልሄድክበት ጥፋት ያንተ ነው።»

ከአባባሎቻቸው ሁሉ ገርጂ የሚያስታውሰው አንዱን ነው፤ «እንግዳ ሦስት ጊዜ ካልተለመነ አልተጋበዘም»። በቤታቸው የመጀመሪያው እምቢታ እንደ ሰላምታ፣ ሁለተኛው እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ከሦስተኛው በኋላ የሚጸና ካለ ጋሽ እድሪስ ታሟል ብለው መድኃኒት ይፈልጉለታል።

ነገር ግን በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል፣ ያን ሁሉ ዘመን፣ አንድ ያልተነካ ነገር ነበረ። ከአንድ የሥጋ ሳህን በልተው አያውቁም። ባህሉን የማያውቅ አንባቢ ይኖር እንደ ሆነ፣ በአገራችን ክርስቲያን የሙስሊምን እርድ፣ ሙስሊምም የክርስቲያንን እርድ አይበላም። ጠብ አይደለም፤ የታረደው ሥጋ በማን ስም እንደ ተባረከ የሚለይ የቆየ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ገና በመጣ ቁጥር አባቴ ለጋሽ እድሪስ ዶሮውን በሕይወቱ፣ እግሩን አስሮ ይልክላቸዋል። በአረፋ ደግሞ ከእነሱ ግቢ የሚንጠራራ ጠቦት ወደ እኛ ይመጣል። እነሱ የእኛን ዶሮ በራሳቸው እጅ ያርዳሉ፤ እኛም የእነሱን ጠቦት እንዲሁ። ሽሮውንና ምስሩን አብረው ይቆርሳሉ፤ የደስታ ቀን ሲሆን ግን ይለያያሉ።

ከዚያ አባቴ ታመመ። በሳንባው ግርጌ እብጠት ተገኘ፤ ሐኪሞቹም ባንኮክ ሄዶ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት መከሩ። ጋሽ እድሪስ የመኪና ዕቃ ለማምጣት ወደዚያች ከተማ ሲመላለሱ የኖሩ ናቸውና ወሬውን በሰሙ ዕለት ሱቃቸውን ለወንድማቸው ሰጥተው ሻንጣቸውን አዘጋጁ። እኔ ለማስተርጎም በእንግሊዝኛዬ ተፈለግሁ። ከቦሌ በተነሳንበት ቀን አባቴ በአውሮፕላኑ መስኮት ሰፈራችንን ፈልጎ አጣት። ጋሽ እድሪስም «ስትመለስ ታያታለህ፤ እሷ የትም አትሄድም» አሉት።

ባንኮክ ከሆስፒታሉ አጠገብ ባለች ማረፊያ ውስጥ ሆነን ቀጠሮ ስንጠብቅ፣ ያላሰብነው ችግር ገጠመን። አባቴ መብላት ተወ። ሥጋው በማን እጅ እንደ ታረደ አይታወቅም፤ እሱም አይነካውም፣ ጋሽ እድሪስም አይነኩትም። በሁለት ተቃራኒ በር የገቡ ሁለት ሰዎች በአንድ ሥርዓት ታስረው አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ። ሙዝና ነጭ ሩዝ አመጣን፤ አባቴ አንድ ሁለቴ ቀምሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሽታ ነው የሚከለክለው ይበል እንጂ፣ ነገሩ ከሽታ ያለፈ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሰው ተስፋውን ሲጥል መጀመሪያ የሚያስቀምጠው ጉርሻውን እንደ ሆነ በመጻሕፍት አንብቤ ነበር፤ በአባቴ ላይ ሳየው ግን ያነበብኩት አልረዳኝም።

ሐኪሙ በግልጽ ነገረን። «ከዚህ በላይ ከከሳ ቢላ አላሳርፍበትም። ሰውነቱ አይችልም። ይብላና እናየዋለን።»

ቃሉን ለሁለቱ ተረጎምኩ። ጋሽ እድሪስ የአልጋውን ጠርዝ በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው «ተነሡ፤ ዓሣ እንበላለን» አሉ።

«ዓሣ?» አለ አባቴ። «እኔና ዓሣ ምን አገናኘን?»

«እሱ ነው የሚያገናኘን። ዓሣ ቢላ አይወርድበትም፤ ሲያዝ የማንም ስም አይጠራበትም። አንተም ያንተ አትለው፣ እኔም የኔ አልለው። ተነሥ።»

የወሰዱን ከወንዙ ዳር ወዳለ እጅግ ሰፊ ምግብ ቤት ነው። የመኪና ዕቃ የሚሸጥላቸው ነጋዴ አንድ ጊዜ ጋብዟቸው ኖሮ ቦታውን ያውቁታል። ወለሉ ውኃው ላይ የተዘረጋ ሳንቃ ነው፤ ጀልባ ባለፈ ቁጥር ከእግራችን ሥር ነገሩ ሁሉ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። የጠረጴዛው ብዛት የሰፈራችንን እድርተኛ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢያስቀምጥ ቦታ ይተርፈዋል። በመግቢያው በኩል ዓሦች በሕይወታቸው በመስታወት ገንዳ ውስጥ ይዋኛሉ፤ ተመጋቢው በጣቱ የጠቆመው ወጥቶ ይሠራለታል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስለ ነበር ወንዙ የተነጠረ ቅቤ መስሏል። ጋሽ እድሪስ ከገንዳው አንዱን ወፍራም ዓሣ ጠቆሙ፣ ከዚያም ፀሐይዋ ስትጠልቅ አንድ ጥግ ይዘው የመግሪብ ሶላታቸውን ሰገዱ። አስተናጋጆቹ ሳህን ተሸክመው በዙሪያቸው በጥንቃቄ እየዞሩ ያልፉ ነበር።

ዓሣው እስኪደርስ ቀለል ያለ መክፈቻ እንዲያመጡልን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ የመረጠችልን አስተናጋጇ ናት። የመጣው ዓይኑ የፈጠጠ፣ ጢሙ የረዘመ፣ ክንድ የሚያህል ቀይ ሽሪምፕ ነበር።

አባቴ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ይሄ ምንድን ነው? አንበጣ ነው?»

«የባሕር ነው አባባ» አልኩ።

«የባሕር አንበጣ! ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ ተብሎ የተጻፈው ለማን ነው?»

«ጢሙን ተመልከተው» አሉ ጋሽ እድሪስ ከሶላታቸው ተመልሰው። «ሐጂ የሚባል ከእኔ ይልቅ ለሱ ነበር የሚገባው። ልጄ፣ በክብር ሸኝልን።»

ቀጥሎ ሾርባ ቀረበ። አስተናጋጇ ለአባቴ ልትቀዳለት ጎንበስ ስትል እንደ አገራችን ልማድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኧረ ይቅርብኝ» የሚል ምልክት ሰጣት። እሷም ፈገግ ብላ፣ እጅ ነስታ፣ ሾርባውን ይዛ ሄደች።

ጋሽ እድሪስ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «አንቺ ልጅ! ወዴት ትወስጂዋለሽ? ሰውዬው እኮ ገና አንዴ ነው እምቢ ያለው!» ወደ እኔ ዞረው «ንገራት እንጂ! ሁለት ይቀረዋል በላት!» አሉኝ።

ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚሉት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አባቴ ግን ለብዙ ቀናት ያላየሁትን ፈገግታ ፈገግ አለ።

ዓሣው ከነሙሉ አካሉ በረጅም ሳህን ላይ መጣ፤ በእንፋሎት በስሏል፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ለብሷል። በሦስታችን መካከል ተቀመጠ። ጋሽ እድሪስ እጃቸውን ታጥበው በለሆሳስ «ቢስሚላህ» አሉ። አባቴ አማተበ። ከዚያ ሁለቱም እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ብላ የኔታ።»

«እናንተ ብሉ። ለእኔ ሽታው ይበቃኛል።»

«ሽታ የሚያጠግብ ቢሆን የሥጋ ቤት ድመት ሁሉ በሬ ታክል ነበር። ብላ።»

«አልችልም እድሪስ። አትልፋ።» በስማቸው ሲጠራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። «ሰውነቴ የሚሄድበትን አውቋል። ተወኝ።»

ጋሽ እድሪስ አልተከራከሩም። «እሺ» ብለው የታጠበ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ፤ ወንዙን ማየት ጀመሩ። እኔም አላነሣሁም፤ ታላላቆቼ ሳይጀምሩ የምጎርስበት ሥርዓት የለኝም። የዓሣው እንፋሎት እየሳሳ ሄደ። በዙሪያችን ሰዉ ሁሉ ይበላል፣ ይስቃል፤ እኛ ብቻ ሙሉ ማዕድ ፊት እንደ ለቀስተኛ ተቀምጠናል።

ጥቂት ቆይቼ የጋሽ እድሪስን ፊት ሳይ ግንባራቸው በላብ ርሷል። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ስኳር በሽታ አለባቸው። ኪኒናቸውን ከማረፊያችን ስንወጣ ሲውጡ አይቻለሁ። ኪኒን ውጦ አለመብላት ደግሞ ለእሳቸው ራስን ስቶ መውደቅ ነው።

«አባባ፣ ጋሽ እድሪስ መድኃኒት ወስደዋል። ካልበሉ ይወድቃሉ» አልኩ።

አባቴ ዞሮ አያቸው። «ብላ እንጂ አንተ ሰው!»

«አንተ ሳትበላ?»

«እኔ በሽተኛ ነኝ!»

«እኔስ ሙሽራ ነኝ?»

«እድሪስ፣ በሰው አገር ልትሞትብኝ ነው?»

«አንተ ልትሞትብኝ አይደል ያመጣኸኝ?» አሉ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። «አብረን ከሆነ ምን ቸገረኝ።»

አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ቁጣ ይሁን ፍርሃት አልለየሁም። በቀኝ እጁ ከዓሣው ጀርባ ትልቅ ቁራጭ ገነጠለ፣ አጥንቱን በጣቱ ፈልቅቆ ጣለ፣ በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርቶም «እንካ! ክፈት!» ብሎ አጎረሳቸው።

ጋሽ እድሪስ ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ። ሲውጡም ዓይናቸውን ገለጡ፤ ሳይቸኩሉ፣ በሚንቀጠቀጡ ጣቶቻቸው፣ ከዚያው ዓሣ ሆድ ለስላሳውን ለይተው ወደ አባቴ አፍ ዘረጉ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉት።

ለማያውቀው ሰው ይህ ቀላል ቃል ነው። ለእኛ ግን ያጎረሰህ ሰው እጁን ወደ አፍህ ዘርግቶ ሲጠብቅ መከልከል፣ በተለይ ከደሴ ጀምሮ እዚህ የደረሰን ሰው እጅ በአየር ላይ ማስቀረት፣ ከስድብ የሚከፋ ነው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በልመና ያላስከፈትነው አፍ ነበር። እጃቸው ተዘርግቶ ቆየ። ከጣታቸው ጫፍ የሎሚ ጭማቂ በሸሚዛቸው እጅጌ ላይ ወረደ።

አባቴ አፉን ከፈተ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በትክክል መጻፍ ይቸግረኛል። ከሁለቱ አንዳቸውም በገዛ እጃቸው አልጎረሱም። አባቴ ያጎርሳል፣ ጋሽ እድሪስ ይመልሳሉ፤ እሳቸው ያጎርሳሉ፣ አባቴ ይመልሳል፤ እየተሳደቡ ነው የሚጎራረሱት። «አጥንቱን ለይ እንጂ፣ ልታንቀኝ ነው?» ይላል አንዱ። «አስተማሪ ሆነህ አፍህን መክፈት ማን ያስተምርህ?» ይላል ሌላው። በአጠገባችን ያሉት ተመጋቢዎች ማንኪያቸውን አስቀምጠው ተመለከቱ። አስተናጋጇም አፏን በእጇ ሸፍና ቆመች። ሳህኑ ላይ የዓሣው አከርካሪ እስኪቀር ድረስ በአንድ ማዕድ ተቀመጡ፤ የደስታ ቀን ምግብ በመካከላቸው ሆኖ ሲበሉ ሳያቸው በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነበር።

በማግስቱም ሄድን፤ በሦስተኛውም። አባቴ ሾርባውን በሦስተኛው ልመና መቀበል ጀመረ፤ አስተናጋጇም ነገሩ ገብቷት በሳቅ ሦስት ጊዜ ታቀርብለት ነበር። ሐኪሙ እንደ ገና መዝኖት በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ቀጠሮ ሰጠን። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ።

ስንመለስ በአውሮፕላኑ ውስጥ አባቴ አንቀላፍቶ ነበር። ጋሽ እድሪስ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተው ከረሜላ አወጡ፣ ልጣጩን ገፈው አፋቸው ውስጥ ጣሉ። ስኳራቸው ሲወርድባቸው የሚመጥጡት ነው። በድንጋጤ አየኋቸው።

«ጋሽ እድሪስ፣ ያን ዕለት በወንዙ ዳርም ኪስዎ ውስጥ ነበረ?»

የፊታቸውን ታጣፊ ጠረጴዛ በመዳፋቸው ጠረጉ። «መንቀጥቀጡ የእውነት ነበር፤ ከረሜላውም የእውነት ነበር» አሉኝ። ከዚያ የተኛውን አባቴን በአገጫቸው አመልክተው «እሱ እንዳይሰማ» አሉ።

ለአባቴ ምንም አልነገርሁም።

ከተመለስን በኋላ በግቢያችን የምስጋና ድግስ ተደረገ። እንደ ሥርዓቱ ሁለት በግ ታረደ፤ አንዱን የእኛ ሰው፣ አንዱን የጋሽ እድሪስ ወንድም አረዱት። ሁለት ድስት ተጣደ፤ ክርስቲያኑ በዚህ ጥግ፣ ሙስሊሙ በዚያ ጥግ ተቀመጠ። የባንኮኩን ሥርዓት ወደ ገርጂ እናምጣው ያለ ሰው አልነበረም፤ እነሱም አላሉም። አባቴ ገና ሰውነቱ ሳይጠና በትራስ ተደግፎ ከእኛ ወገን ተቀምጧል። ጋሽ እድሪስ ከግቢው ማዶ፣ ከእነሱ ወገን፣ ሳህናቸውን ፊታቸው አስቀምጠው ዓይናቸውን ወደ አባቴ ይወረውራሉ፤ አልጀመሩም።

አባቴ በሰዉ ሁሉ ላይ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ሐጂ! አትበላም እንዴ?»

«አንተስ በላህ?»

«እኔ በልቻለሁ። አንተ ግን ዛሬም ከረሜላህን ኪስህ ውስጥ ደብቀህ ልትንቀጠቀጥልኝ ነው?»

ጋሽ እድሪስ መጀመሪያ ወደ እኔ ዞሩ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ እኔ አልተናገርሁም።

«ማን ነገረህ?» አሉት።

«ማን ይነግረኛል? እዚያ አገር ከአልጋዬ አጠገብ ስትተኛ በተገላበጥክ ቁጥር ኪስህ ሲንኮሻኮሽ አልነበረም? ልጣጩን ከወለሉ ላይ የምለቅመው ማን ነበር?»

«ታዲያ እያወቅህ ነው የጎረስከው?»

«እጅህን ዘርግተህ ስትቀር ምን ላድርግህ?»

ጋሽ እድሪስ ሳህናቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው መብላት ጀመሩ።